አያፈስም ያልኩት ማዞሪያ

በናዝሬት ከተማና በዙሪያዋ ስልክ የሚባል ነገር ከእኔ በፊትም ነበረ፤ በሥርዓት መናገር የጀመረው ግን እኔ እጄን ካስገባሁበት በኋላ ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የሚመሰክር ሰው ስለ ጠፋ ነው። ያዩኝ ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ የቀሩትም ጆሯቸው ከብዷል። የእኔም ቢሆን ግራው መስማት ካቆመ ቆይቷል።

ስሜ ደምሴ ነው። ትምህርቴን በአራተኛ ክፍል ትቼ ሥራ የጀመርኩት የስልክ እንጨት የሚተከልበትን ጉድጓድ በመቆፈር ነው። ከሞጆ ወደ መቂ ሲኬድ በመንገዱ ዳር ቆመው ከነበሩት እንጨቶች ስንቱ በእኔ ዶማ እንደ ተተከለ አልቆጠርኩም፤ ሌላ ሰው ቢቆጥር ግን ይደክመዋል። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ የለም። ከማሽን ጋር የመጣ መመሪያ መጽሐፍና ሽፋኑ የወለቀ መዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ አንዷን ቃል ከሌላዋ እየፈለቀቅሁ፣ ማዞሪያ ፈትቶ መግጠምን፣ ኬብል መቀጠልን፣ የተቃጠለ የደወል ጥቅል እንደገና መጠምጠምን ተማርኩ። በኋላ ዲፕሎማ ይዘው የመጡ ልጆች፣ «ጋሽ ደምሴ፣ የት ነው የተማሩት?» ሲሉኝ፣ «እንጨት ላይ» እላቸው ነበር።

ብቻዬን ተማርኩ ስል ታዲያ አንድ ሰው ሲቀር ነው። ስለ እሳቸው በቦታው እናገራለሁ።

ይህን እንድጽፍ ምክንያት የሆነችው ልጄ ሰብለ ናት። የእሷ ሥራ ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ ማገናኘት ነው። ለበዓል መጥታ፣ እግሯን ዘርግታ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራችውን ነገረችኝ። ስዊች የሚሉት ሳጥን አለ፤ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ሁሉ ገመዱን እዚያ ላይ ይሰካል። ሁሉም አንድ ሳጥን ላይ በመሰካታቸው አንዱ ሲጮኽ ሌላው ሁሉ ይረበሻል፤ የማይገባውም ሰው የማይገባው ቦታ ይደርሳል። እሷ ሌላ ሳጥን ሳታስገዛ ያንኑ አንዱን ሳጥን በውስጡ ከፋፈለችው። ሂሳብ ክፍሉ ለብቻው፣ መዝገብ ቤቱ ለብቻው፣ እንግዳው ለብቻው። ቪላን ይሉታል። ሳጥኑ አንድ ነው፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚሄደውም ገመድ አንድ ነው፤ ግን አንዱ ክፍል የሌላውን አይሰማም።

«ይህንንማ እኔ በደርግ ጊዜ ሠርቼዋለሁ» አልኳት።

«አባዬ፣ ኢንተርኔትንም ያመጣሁት እኔ ነኝ በልና እንረፍ» አለችኝ።

ኢንተርኔትን አላመጣሁም። ማዞሪያ ግን ከፋፍያለሁ፤ በመበየጃ፣ በካቻቪቴና በትራክተር ቀለም። ምን እንዳስከፈለኝ ደግሞ እሷም አታውቀውም።

ከናዝሬት ወደ አዋሽ ወረድ ብሎ አንድ የመንግሥት እርሻና የጥጥ መዳመጫ ነበረ። ስሙን አላነሣም። እዚያ የተዛወርኩት አብዮቱ ጥቂት ዓመታት ካስቆጠረ በኋላ ነው። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም፤ የማንም አያደርስም ነበርና እሱን ልተወው። ማዞሪያው ከኃላፊዎቹ ቢሮ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የቆመ የእንጨት ሳጥን ነው። ፊቱ ላይ ቀዳዳዎች በረድፍ ተደርድረዋል፤ ለእያንዳንዱ ስልክ አንድ ቀዳዳ። ሰው የስልኩን መዘውር ሲያዞር ከቀዳዳው በላይ ያለች ትንሽ ክዳን ጠብ ትላለች። ስልከኛዋ አንድ ገመድ እዚያ ትሰካና «አቤት» ትላለች፤ ማንን እንደሚፈልግ ስትሰማ የገመዱን ጥንድ በተፈላጊው ቀዳዳ ትሰካለች። የጥጥ ብናኝ ቀዳዳው ውስጥ እየገባ ድምፅ ያንቅ ስለ ነበር በዶሮ ላባ እጠርገው ነበር። የዶሮ ላባ በየትኛውም መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ የራሴ ግኝት ነው።

ስልከኛዋ ብርሃኔ ትባላለች። የናዝሬት ልጅ ናት፤ ከእናቷ ጋር እዚያው የሠራተኛ ሰፈር ውስጥ ትኖር ነበር። ቤተሰቦቿ ጴንጤዎች ናቸው። በስብሰባ ላይ ሁላችንም ግራ እጃችንን አንሥተን መፈክር ስናሰማ እሷ እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ትቀመጣለች፤ ለዚህም ብዙ ጊዜ ተሂሳለች። በሥራዋ ግን እንከን የለባትም። «አቤት» ስትል መስመሩ የጠራ ይመስል ነበር።

የእኔ አለቃ ጋሽ ቱሉ ነበሩ። የመቂ ሰው ናቸው፤ በመስመር ሥራ ያረጁ፣ ጡረታቸው የተቃረበ። አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ ያወራሉ፤ ሲቆጡ ግን አማርኛው ይጠፋቸዋል። ኬብል ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በአመድ ይታጠባሉ፤ የላብ እጅ መዳብ ያሳምማል ባይ ናቸው። መቀጠያውን ጨርሰው በናስትሮ ከጠቀለሉ በኋላ በላዩ ላይ ቀይ ክር ያስራሉ። ማንም ሰው ከጓሮ ቆሻሻ ውስጥ ያን ክር ቢያገኝ የማን ሥራ እንደሆነ ያውቃል። «አለቀ» ብለው አያውቁም፤ «ይናገር» ነው የሚሉት።

በኬብል ውስጥ ሽቦዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተጠማዝዘው ይሄዳሉ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ባለ ቀለም። ጋሽ ቱሉ ባልና ሚስት ይሏቸዋል። አንድ ስልክ የሚናገረው በአንድ ባልና ሚስት ነው። ተጠማዝዘው እስካሉ ድረስ ወሬያቸው እቤታቸው ይቀራል። የአንዱን ባል ከሌላው ሚስት ጋር አስኬድከው እንበል፤ ስልኩ ይሠራል፣ ደወሉም ይደውላል፣ ወሬው ግን ወደ ጎረቤት ይሄዳል። «ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ባልና ሚስት አታፋታ» የመጀመሪያው ትምህርታቸው ይህ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ፣ ስሕተት ስታገኝ እፊትህ አታቃናው፣ ወደ ኋላ ተመልሰህ የተበላሸበትን ክፈት የሚል ነው።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ሲሠሩ ሽቦውን በሁለት ጣታቸው ከፍ አድርገው ይይዙና «ይህ ማን ነው?» ይሉኛል። «ሰማያዊ» እላለሁ። «ይህስ?» «አረንጓዴ።» ፈተና ነበር የመሰለኝ። ዓመታት ሲፈትኑኝ አንድ ቀን እንኳ ስላልተሳሳትኩ በልባቸው የሚኮሩብኝ ይመስለኝ ነበር።

የማዞሪያው ክፍፍል የመጣው በሊቀመንበሩ ትእዛዝ ነው። ሊቀመንበሩ የፋብሪካው የፓርቲ ኃላፊ ናቸው። በዚያን ጊዜ ማንኛውም ስልክ ከማንኛውም ጋር ይገናኝ ነበር፤ ስልከኛዋ በጥድፊያ አንዱን ቀዳዳ ከሌላው ስታምታታ የመዳመጫው ሠራተኛ የኃላፊዎችን ንግግር መሃል ላይ ገብቶ ይሰማል። የአስተዳደሩ ለአስተዳደሩ፣ የምርቱ ለምርቱ፣ የሰፈሩ ለሰፈሩ ይሁን ተባለ። ሁለት ተጨማሪ ማዞሪያ ይገዛ ሲባል የውጭ ምንዛሪ የለም ተባለ። ያኔ ነው እኔ ብድግ ያልኩት። አንዱን ማዞሪያ ሦስት አደርገዋለሁ አልኩ።

አደረግኩትም። የጀርባውን ሽቦ በሙሉ ነቅዬ እንደ ገና በሦስት ነዶ አሰርኩት። የላይኛውን ረድፍ ለአስተዳደሩ ሰጥቼ ዙሪያውን ቀይ ቀባሁት፤ መካከለኛውን ለመዳመጫው፣ ለጋራዡና ለውኃ ፓምፑ ነጭ፤ የታችኛውን ለክሊኒኩ፣ ለትምህርት ቤቱና ለሰፈሩ ክበብ አረንጓዴ፤ ለየረድፉም ወደ ውጭ የሚያስደውል አንድ መስመር ሰጠሁ። ይህን ማንም ሊያስበው ይችላል። ማንም ያላሰበው ገመዶቹን ነው። የእያንዳንዱን ረድፍ ገመድ አሳጠርኩት። የቀዩ ረድፍ ገመድ ቢሳብ፣ ቢጎተት፣ አረንጓዴው ቀዳዳ አይደርስም። ስልከኛዋ ብትሳሳት እንኳ መሳሳት አትችልም። አንድ ረጅም ገመድ ብቻ ለእሳትና ለድንገተኛ ሕመም ብዬ ግድግዳው ላይ በምስማር ሰቀልኩ። ከክፍል ወደ ክፍል መሻገሪያው እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ ከማዞሪያው ወደ ሠራተኛው ሰፈር አዲስ ኬብል መቀበር ነበረበት። ሥራ አስኪያጁና ሊቀመንበሩ ቤታቸው ከሰፈሩ ጫፍ ስለ ነበር የቀዩም የአረንጓዴውም መስመሮች በዚያው አንድ ኬብል ውስጥ ይሄዳሉ። ለመስከረም ሁለት በዓል ይድረስ የሚል ትእዛዝ መጣ። እኔ ማዞሪያውን ሳጋጥም፣ ለሚመጣው ጎብኚ ሁሉ ሳስረዳ፣ ጋሽ ቱሉ ኬብሉን ብቻቸውን ቀጠሉት። ሁለት መቀጠያ ነበረው፤ አንዱ የመስኖው ቦይ ድልድይ ዘንድ፣ አንዱ ሰፈሩ በር ላይ ካለው ግራር ሥር። ለበዓሉ ደረሰ። ሊቀመንበሩ በሕዝብ ፊት እጄን ጨበጡ። ጋሽ ቱሉ «ይናገር» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ተናገረ። ከሚገባው በላይ ተናገረ።

በመዳመጫው ገመቹ የሚባል ሠራተኛ ነበረ፤ ደህና ሰው፣ ሚስትና ልጆች ያሉት። ሳል ያዘውና የክሊኒኩ ድሬሰር አክታውን ወደ ናዝሬት ላከለት። ውጤቱን ድሬሰሩ በስልክ ጠየቀ፤ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። ድሬሰሩ ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ መድኃኒት አስጀምሮ ቀለል ወዳለ ሥራ እንዲዛወር ሊያመቻችለት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን ሥራ አስኪያጁ ገመቹን ጠርተው፣ ሕመሙን በስሙ ጠቅሰው፣ ከሥራም ከሰፈርም አባረሩት። ከየት ሰሙ ቢባሉ፣ ከታማኝ ምንጭ አሉ። ገመቹ ዕቃውን በአህያ ጋሪ ጭኖ ሲወጣ ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ቆሞ አየ።

ሠራተኛው ተቆጣ። የድሬሰሩን የስልክ ንግግር መስማት የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነው፤ መስመሩን ያገናኘችው። ስብሰባ ተጠራ። ብርሃኔ ተነሥታ፣ ገመዱን ሰክታ ወዲያው ጆሮዋን እንዳነሣች፣ አንድ ቃል እንዳልሰማች ተናገረች። ከኋላ አንዱ፣ «ጴንጤ አይዋሽም ይሉ የለ? ይኸው ሲዋሽ አየን» አለ፤ ተሳቀ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። ወሬው በማዞሪያው ውስጥ ከአረንጓዴው ወደ ቀዩ ሊያፈስ ይችላል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሁሉም ያየኝ ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ የሠራሁት ማዞሪያ ውኃ ቢሞሉበት አያፈስም፤ እንኳን ቃል» አልኩ።

ተጨበጨበልኝ። በዚያች አንዲት ቃሌ ልጅቷን ጨረስኳት። ከሥራ ታገደች፤ በሚቀጥለው ስብሰባ የመጨረሻው ውሳኔ ይሰጣል፣ እናቷን ይዛ ሰፈሩን ትለቃለች ተባለ። በሰፈሩ ውኃ ሲቀዳ ማንም አብሯት አይሰለፍም ነበር።

እኔ እንቅልፍ አላጣሁም። ማዞሪያው አያፈስማ።

ስብሰባው ሲቃረብ የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ ወይዘሮ ዘነበች ከመንገድ ጠራችኝ። የክሊኒኩን ስልክ እንዳየው ፈለገች፤ ተበላሽቷል ወይ ብላት አልተበላሸም አለች። ታዲያ ምኑን ልየው ብላት፣ ወለሉን እየወለወለች፣ ቀና ሳትል፣ «አንሣውማ። ሰው አለበት» አለችኝ።

ምሳ ሰዓት ነበር። አነሣሁት። ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ፣ ግን ጥርት ብሎ፣ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ነበረ። ከቤታቸው ሆነው ከአንድ የመቂ ደላላ ጋር ስለ ቲማቲም ያወሩ ነበር።

«ለእኔ ጠንካራውን አድርግልኝ» ይላሉ። «ለሊቀመንበሩ የላመውን ላክ፤ እሳቸው እንደሆነ አይለዩም።»

እጀታውን አስቀመጥኩ። ዘነበች መወልወያዋን ጨመቀች።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለችና ባልዲዋን አንሥታ ወጣች።

ሮጬ ማዞሪያው ዘንድ ሄድኩ። የክሊኒኩ ቀዳዳ ባዶ ነው፤ ገመድ የለበትም። ረጅሙ ገመድ ምስማሩ ላይ ነው። ከጀርባ የአረንጓዴውን ነዶ በጣቴ እየዳበስኩ ተከተልኩት፤ ቀዩን የሚነካበት ቦታ የለም። የእኔ ሥራ ንጹሕ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። የእሳቸው ወሬ ክሊኒኩ ከደረሰ የክሊኒኩም ወሬ እሳቸው ዘንድ ይደርሳል፤ ሥራ አስኪያጁም እንደዚሁ በቤታቸው ሆነው፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሲሰሙ ኖረዋል ማለት ነው። ታማኝ ምንጫቸው ይሄው ነው። ማዞሪያው ካላፈሰሰ ያፈሰሰው መሬት ውስጥ ነው።

ዶማዬን ይዤ ቦዩ ድልድይ ዘንድ ወረድኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። መቀጠያውን አወጣሁት፤ ቀይ ክሩ እንደታሰረ ነው። ናስትሮውን ፈታሁ። እንደዚያ ያማረ ሥራ ዛሬም አላየሁም፤ እያንዳንዱ ጥምዝ እኩል፣ እያንዳንዱ ጫፍ እንደ ተላጨ ፀጉር። ግን የሥራ አስኪያጁ ሰማያዊ ሽቦ ከክሊኒኩ አረንጓዴ ሽቦ ጋር ተቀጥሏል፣ አረንጓዴውም ከሰማያዊው ጋር። ነጮቹ በየቦታቸው ናቸው። ወደ ግራሩ ሄጄ ሁለተኛውን ከፈትኩ። እዚያም እንደገና ተለዋውጠዋል፤ ስለዚህ መጨረሻው ላይ እያንዳንዱ ስልክ በየቤቱ ይደውላል። ሲሞከር ልክ ነው። ከቦዩ እስከ ግራሩ ግን የሥራ አስኪያጁ ባል ከክሊኒኩ ሚስት ጋር፣ የክሊኒኩ ባል ከሥራ አስኪያጁ ሚስት ጋር ተቃቅፈው ነበር የሚሄዱት።

ጀማሪ የሚሠራው ስሕተት ነው። ጋሽ ቱሉ በሕልማቸውም አይሠሩትም። ሁለቱን ቀለሞች ቁራጭ ቆርጬ እጄ ላይ አድርጌ ግራሩ ሥር ተቀመጥኩና ለረጅም ጊዜ አየኋቸው። ሰማያዊና አረንጓዴ። «ይህ ማን ነው?» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ያን ዕለት አጠገባቸው ሆኖ የሚመልስላቸው ሰው አልነበረም። የሚመልሰው ሰው ማዞሪያ ክፍል ውስጥ ለጎብኚ ያስረዳ ነበር።

ጋሽ ቱሉ በራቸው ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። «አካም ኦልታን፣ ጋሼ» አልኩ። ድምፄን ለይተው ቦታ ለቀቁልኝ። ሽቦውን ከፊታቸው ከፍ አድርጌ ያዝኩ።

«ይህ ማን ነው?»

ሬዲዮውን ዘጉት። እጃቸውን ሰድደው ሽቦውን በጣታቸው ዳበሱት።

«አንተ ንገረኝ እንጂ» አሉ። «መቼ እኔ ነግሬህ አውቃለሁ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?»

«ሰማዩና ሣሩ አንድ ከሆኑብኝ ቆየ።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩኝም?»

«ነገርኩህ እኮ፣ ያ ጉርባ። በየቀኑ እጠይቅህ ነበር።»

ምን እንደደረሰ ነገርኳቸው። ቦዩ ዘንድ የተሳሳተው ግራሩ ሥር በደወል ሲሞክሩ ተዛብቶ መጥቶባቸው፣ ኬብሉ ከተሠራበት አገር ተዛብቶ የመጣ መስሏቸው እዚያው አቃንተውታል። ያስተማሩኝን ሁለተኛውን ትምህርት ራሳቸው አፈረሱት፤ ወደ ኋላ ተመልሰው ቢከፍቱም አያዩትማ። ስብሰባው ላይ እሄዳለሁ፣ እኔ ነኝ እላለሁ፣ ልጅቷ ነፃ ትውጣ አሉ። ዓይኑ የማያይ ሰው የመንግሥት ኬብል ነካ ከተባለ አሻጥር ይሉታል፣ ጡረታዎ ይቀራል፣ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል አልኳቸው። በኦሮምኛ ተቆጡኝ። ሳንስማማ ተለያየን።

የስብሰባው ዕለት ብርሃኔ ከፊት አግዳሚው ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሥራ አስኪያጁ መድረኩ ላይ ከሊቀመንበሩ አጠገብ ናቸው። ገና አጀንዳው ሳይነበብ ለግለ ሂስ እጄን አወጣሁ። በዚያ አዳራሽ ስንት ሰው ግለ ሂስ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ሁሉም ተጠርቶ ነው፤ ሳይጠራ የወጣ አላየሁም።

አያፈስም ያልኩት መስመር ያፈሳል አልኩ። ከክሊኒኩ የሚነገረው ሥራ አስኪያጁ ቤት እንደሚሰማ፣ ከሥራ አስኪያጁ ቤት የሚነገረውም ክሊኒኩ ውስጥ እንደሚሰማ፣ ስልከኛዋ ያለችው እውነት እንደሆነ ተናገርኩ። ሥራ አስኪያጁ፣ ይህ ተራ ወሬ ነው፣ ማስረጃ የት አለ አሉ።

«ማስረጃው ቲማቲሙ ነው» አልኩ። «ለራስዎ ጠንካራውን፣ ለጓድ ሊቀመንበር የላመውን ብለው ከመቂ አዘዋል። እሳቸው አይለዩም ብለዋል። እኔ ይህን የሰማሁት በክሊኒኩ ስልክ ነው።»

አዳራሹ ፈነዳ። ሊቀመንበሩ አልሳቁም፤ ቀስ ብለው ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ፤ የሰውዬው ፊት ራሱ የላመ ቲማቲም መስሎ ነበር። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ሲመለሱ ግን ንዴታቸውን ይዘው ነው የተመለሱት።

«ኬብሉን የቀጠለው ማን ነው?»

ከመጨረሻው ረድፍ ጋሽ ቱሉ በትራቸውን ተደግፈው መነሣት ጀመሩ። ቀስ ብለው ነው የሚነሡት፤ ያ ጠቀመኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ለበዓሉ ለማድረስ ቸኩዬ ነው።»

አንድም ሰው አልተጠራጠረም። በዚያ ፋብሪካ የተሠራውን ሁሉ እኔ ሠራሁት ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ያስቸኮሉኝም ራሳቸው ሊቀመንበሩ ስለሆኑ አሻጥር ሊሉት አልቻሉም፤ ቸልተኝነት ተብሎ በፋይሌ ላይ ተጻፈ። ከደመወዜ ተቀነሰ፤ ወደ አርሲ ነገሌ፣ እንደ ጥንቱ እንጨት ላይ እንድወጣ ተመደብኩ። ጉልበቴ የዛሬውን ሕመም የያዘው እዚያ ነው።

ብርሃኔ ወደ ማዞሪያዋ ተመለሰች። ስትመለስ በር ላይ አገኘኋት።

«ጋሽ ደምሴ» አለች፣ «አያፈስም ሲሉ የጮኹትን ያህል ያፈሳል ሲሉ አልጮኹም።»

«ጉሮሮዬ ደርቆ ነው።»

«ቢሆንም ተሰምቷል» አለችና ገብታ ተቀመጠች። ክዳኗ ጠብ አለች። «አቤት» አለች።

ከመሄዴ በፊት ሁለቱን መቀጠያዎች መልሼ ሠራኋቸው። ጋሽ ቱሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው ሽቦውን ያቀብሉኛል፣ ይጠይቁኛል፣ እመልሳለሁ። ቀዩን ክር ያሰሩት እሳቸው ናቸው። ጡረታቸውን በሰላም አገኙ።

ገመቹን ግን አልመለሱትም። ወሬው ከየትም ይምጣ፣ በሽታው እውነት ነው ተባለ። ነገሌ እህል ገበያ ውስጥ አንድ ቀን አገኘሁት፤ ከስቶ፣ የሌላ ሰው ጆንያ እየሰፋ። ሰላም አለኝ። ስለ ማዞሪያው የሰማ ይሁን ያልሰማ አላውቅም፤ እኔም ለመጠየቅ አፍ አላገኘሁም። ብዙ ነገር አቃንቻለሁ፤ እሱን ማቃናት አልቻልኩም።

ጋሽ ቱሉ አንድ ጊዜ ነገሌ ድረስ በጭነት መኪና መጥተው ጠይቀውኛል። እጄን ዳብሰው ያዙኝና፣ «የሰው ሥራ ሰርቀህ በስምህ አስመዘገብክ» አሉኝ። ስላማረኝ ነው አልኳቸው። ሳቁ። ዛሬ በሕይወት የሉም። ሰብለ፣ አሁን ያለው መሣሪያ የተፋታ ጥንድ ካለ ወዲያው ይናገራል አለችኝ። በእኛ ጊዜ የነበረው የሰው ዓይንና ጆሮ ነው፤ ሁለቱም ያረጃሉ።

እንግዲህ በሥራ ዘመኔ የፈጸምኩት ይህ ነው፦

ከሞጆ እስከ መቂ፣ በኋላም በአርሲ ነገሌ ዙሪያ፣ እንጨት ተክዬ ሽቦ ዘርግቻለሁ።

እንግሊዝኛን ያለ አስተማሪ አንብቤያለሁ፤ መናገሩን ግን አልደፈርኩም።

የተቃጠለ የደወል ጥቅል በእጄ ጠምጥሜ አስነሥቻለሁ።

የማዞሪያ ቀዳዳ በዶሮ ላባ መጥረግን ፈልስፌያለሁ።

አንድን ማዞሪያ ያለ አንድ ዶላር የውጭ ምንዛሪ ሦስት አድርጌያለሁ፤ ማዞሪያው ራሱ አላፈሰሰም።

ሳልጠራ ግለ ሂስ አድርጌያለሁ።

ከቦዩ እስከ ግራሩ ድረስ ባልን ከሰው ሚስት ጋር ያስኬደ መቀጠያም አለ።

ከእነዚህ ሁሉ የእኔ ያልሆነው ያ አንዱ ብቻ ነው። በፋይሌ ላይ በስሜ የተጻፈውም እሱ ብቻ ነው።